ሕጉ ዘግይቶ ቢጻፍም ወንጀሉ ነበረ፦ የሂሴን ሃብሬ ጉዳይ

አንድ ሰው ያደረገው ነገር በዚያው ቀን ወንጀል ካልነበረ፣ በኋላ በወጣ ሕግ አይቀጣም። ሕግ ያልተማረ ሰውም ቢሆን ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ትናንት የተፈቀደን ነገር ዛሬ ከልክሎ ሰውን ለትናንቱ ማሰር ግፍ ነው። ግን ተከሳሹ የአገር መሪ የነበረ ሲሆንስ? ሟቾቹ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑስ? ክሱን የሚያየው አገር ለድርጊቱ በሕግ መጽሐፉ ውስጥ ስም የሰጠው ከዓመታት በኋላ ሲሆንስ?

የቻዱ የቀድሞ ፕሬዚዳንት የሂሴን ሃብሬ ጉዳይ ይኸው ነው። የመጀመሪያው አቤቱታ ዳካር ላይ ከቀረበበት ቀን እስከ መጨረሻው የይግባኝ ፍርድ 17 ዓመት ወሰደ። ከዚህ ውስጥ ብዙውን የበላው ፖለቲካ ነው። ፖለቲካው ግን ሁልጊዜ የሚጠለልበት የሕግ ክርክር አያጣም ነበር፤ ከክርክሮቹ ሁሉ ጠንካራው ደግሞ «የወንጀል ሕግ ወደኋላ ተመልሶ አይሠራም» የሚለው ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። መርሁ ትክክል ነው፣ ለሃብሬም ይገባዋል። ሆኖም መርሁ የቆመው ሰው ሳያውቀው ወንጀለኛ እንዳይባል ነው። መንግሥት ሕግ ለመጻፍ ስለዘገየ ገዳይ እንዲያመልጥ የተበጀ መውጫ አይደለም። ይህን ልዩነት አንድ የክፍለ አህጉር ፍርድ ቤት አደበላልቆታል ብዬ አምናለሁ፣ እንዴት እንደሆነ እዚህ ላሳይ እሞክራለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ «ዓ.ም.» እላለሁ።

የተከሰሰበት ነገር

ሃብሬ ሥልጣን የያዘው ጁን 7 ቀን 1982 ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 1990 ኢድሪስ ዴቢ በጦር ኃይል አባረረውና በካሜሩን አድርጎ ሴኔጋል ገባ፣ ዳካርም ተቀመጠ። በሥልጣን ዘመኑ ከሊቢያው ጋዳፊ ጋር ይዋጋ ስለነበር አሜሪካና ፈረንሳይ ደግፈውታል። በ1983 ዲ.ዲ.ኤስ. የተባለ የደኅንነት ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለእሱ ነበር። ንጃሜና ውስጥ በቅኝ ግዛት ዘመን የተሠራ አንድ የመዋኛ ገንዳ ነበር፤ ዲ.ዲ.ኤስ. ከላይ በኮንክሪት ደፍኖ፣ ውስጡን በጠባብ ክፍሎች ከፋፍሎ እስር ቤት አደረገው። «ላ ፒሲን» ይባላል። እስረኞች በሙቀትና በመታፈን የሞቱበት ቦታ ነው። በ1984 የደቡቡ ሕዝብ፣ በ1987 ሃጀራዮች፣ በ1989 ዛጋዋዎች በጅምላ ተመቱ። አንድ መሪ በአመፅ ከተጠረጠረ መላው ጎሳ ይታደናል፣ አሠራሩ ይህ ነበር።

ከሃብሬ ውድቀት በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ1992 ባወጣው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር ወደ 40,000 ገምቶታል። ግምት ነው፤ አንዳንዶች በቁጥሩ ላይ ጥያቄ አላቸው። በ2001 ግን የሂዩማን ራይትስ ዎች ሰዎች በተተወው የዲ.ዲ.ኤስ. ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ መሬት ላይ የተበተነ የሰነድ ክምር አገኙ። በሰነዶቹ ውስጥ 12,321 ተጎጂዎች ተጠቅሰዋል፣ 1,208 ሰዎች በእስር ላይ መሞታቸውም ተመዝግቧል። መዝጋቢው ራሱ ገዳዩ ድርጅት ነው። ለሃብሬ በቀጥታ የተላኩ ሪፖርቶችም ከዚያው ውስጥ ወጥተዋል።

እዚህ ላይ ስሙ መነሳት ያለበት ሰው ሱሌይማን ጌንጌንግ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነበር። ከ1988 ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ ታስሮ ሊሞት ጥቂት ቀርቶት ከሃብሬ ውድቀት ጋር ወጣ። ከዚያም የተጎጂዎች ማኅበር አቋቁሞ የ792 ሰዎችን ምስክርነት ሰበሰበ። ወረቀቶቹን ለዓመታት ደብቆ አቆያቸው፤ ምክንያቱም የዲ.ዲ.ኤስ. ሰዎች በአዲሱ መንግሥት ውስጥም ወንበር አልለቀቁም ነበር። የተጎጂዎቹ ጠበቃ ዣክሊን ሙዴይናም በ2001 ንጃሜና ውስጥ ሰልፍ ላይ ሳለች የእጅ ቦምብ ተወርውሮባት ቆስላለች። ስለ መርሆች የምናወራውን ሁሉ እነዚህ ሰዎች በአካላቸው ከፍለውበታል።

ዳካር በሩን ሲዘጋ

በ1998 መጨረሻ የቺሊው የቀድሞ አምባገነን ፒኖሼ በአገሩ ለተፈጸመ ግፍ ለንደን ላይ ታሰረ። የቻድ ተጎጂዎችና ደጋፊዎቻቸው «እኛስ?» አሉ። በጃንዋሪ 2000 ዳካር ላይ አቤቱታ አቀረቡ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2000 መርማሪ ዳኛው ደምባ ካንጂ ሃብሬን በማሰቃየት ወንጀል ተባባሪነት ከሰሰው፣ በቤት ውስጥ እስርም እንዲቆይ አደረገ። አንድ የአፍሪካ ፍርድ ቤት የሌላ አፍሪካዊ አገርን የቀድሞ መሪ በእንዲህ ያለ ወንጀል ሲከስ ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

ደስታው ዕድሜ አልነበረውም። በማርች ምርጫ አብዱላይ ዋድ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ካንጂ ከምርመራው ተነሣ። ጁላይ 4 ቀን 2000 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የክስ ችሎት ክሱን ሰረዘው። በማርች 2001 ሰበር ሰሚው አጸናው። ምክንያታቸው አጭር ነው። የሴኔጋል የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በተለይ አንቀጽ 669፣ የውጭ ዜጋ በውጭ አገር በሠራው እንዲህ ያለ ወንጀል ላይ ለሴኔጋል ፍርድ ቤት የዳኝነት ሥልጣን አይሰጥም።

ልብ በሉ፣ ፍርድ ቤቱ «ማሰቃየት ወንጀል አልነበረም» አላለም። «እኔ የማየት ሥልጣን የለኝም» ነው ያለው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ግራ መጋባት ሁሉ የሚመነጨው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። አንደኛው፦ ሰውየው ሲያደርገው ነገሩ ወንጀል ነበር ወይ? ሁለተኛው፦ የትኛው ፍርድ ቤት ይየው? ወደኋላ ያለመመለስ መርህ በዋናነት የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ነው። ሰው «እገደላለሁ፣ እታሰራለሁ» ብሎ የሚፈራውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። «የምዳኘው ዳካር ነው ወይስ ብራሰልስ» የሚለውን አስቀድሞ የማወቅ መብት ግን ማንም ሰጥቶት አያውቅም።

ሴኔጋል የተባበሩት መንግሥታትን የፀረ ማሰቃየት ስምምነት ያጸደቀችው በ1986 ነው። ስምምነቱ አባል አገር ማሰቃየትን በሕጉ ወንጀል እንዲያደርግ፣ ተጠርጣሪው በግዛቱ ሲገኝም እንዲዳኘው ወይም አሳልፎ እንዲሰጠው ያስገድዳል። ሴኔጋል ማሰቃየትን በወንጀል ሕጓ ያስገባችው በ1996 ነው፤ ሥነ ሥርዓት ሕጓን ጭራሽ አልነካችውም። በ1999 ደግሞ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመውን የሮም ስምምነት በማጽደቅ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች። ወረቀት ላይ የቀደመች አገር ናት። ሆኖም የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ከጁላይ 1 ቀን 2002 በፊት የተፈጸመን ነገር ማየት ስለማይችል ለሃብሬ ጉዳይ አይጠቅምም ነበር። የቀረው የአገሮች ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

ተጎጂዎቹ ወደ ቤልጂየም ሄዱ። መርማሪ ዳኛው ዳንኤል ፍራንሰን ለዓመታት መርምሮ በሴፕቴምበር 2005 የእስር ማዘዣ አወጣ፣ ቤልጂየምም ሃብሬ ተላልፎ እንዲሰጣት ጠየቀች። የዳካር ፍርድ ቤት በዚህም ላይ «ሥልጣን የለኝም» አለ። ሴኔጋል ጉዳዩን ለአፍሪካ ኅብረት አሳለፈችው። በሜይ 2006 የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴ፣ በጌንጌንግና በሌሎች አቤቱታ ላይ፣ ሴኔጋል ስምምነቱን ጥሳለች አለ። በጁላይ 2006 ደግሞ የኅብረቱ መሪዎች ባንጁል ላይ ተሰብስበው ሴኔጋል ሃብሬን «በአፍሪካ ስም» እንድትዳኝ ወሰኑ።

ሕጉ ተጻፈ፣ ክርክሩም ተወለደ

አሁን ሴኔጋል ሕግ መጻፍ ነበረባት። በፌብሩዋሪ 2007 የዘር ማጥፋትን፣ በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸምን ወንጀልና የጦር ወንጀልን በወንጀል ሕጓ አስገባች፣ አንቀጽ 669ንም አሻሻለች። በ2008 ሕገ መንግሥቱን አሻሽላ፣ ወደኋላ ያለመመለስ መርህ በድርጊቱ ጊዜ በዓለም አቀፍ ሕግ ወንጀል የነበረን ነገር ከመዳኘት አያግድም የሚል ጨመረችበት።

የሃብሬ ጠበቆች የሚጠብቁት ይህንን ነበር። በኦክቶበር 2008 ኢኮዋስ ፍርድ ቤት፣ ማለትም የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ሄዱ። የክርክራቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ እነዚህ ሕጎች የወጡት ለአንድ ሰው ነው፣ የሚሠሩትም ከ17 እስከ 25 ዓመት ወደኋላ ተመልሰው ነው፣ የአገሪቱ ሰበር ደግሞ ጉዳዩን አስቀድሞ ዘግቶታል።

በቅንነት እንየው፤ ክርክሩ ባዶ አይደለም። አንድ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ለእሱ ተብሎ ሕገ መንግሥት ሲሻሻል ማየት ምቾት የሚነሳ ነገር ነው። ዛሬ ለሃብሬ የሆነ ነገ ለተቃዋሚ ፖለቲከኛ ሊሆን ይችላል። የአፍሪካ ሰዎች ይህን ስጋት ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

ኖቬምበር 18 ቀን 2010 ፍርድ ቤቱ ወሰነ። የሴኔጋል ማሻሻያ የሃብሬን መብት የመጣስ አደጋ አለው አለ። ሴኔጋል የራሷን ፍርድ ቤቶች ውሳኔ እንድታከብር አዘዘ። ከዚያም ያልተጠበቀ ነገር ጨመረ፦ ሃብሬ ሊዳኝ የሚችለው ዓለም አቀፍ ባሕርይ ባለው ልዩ ወይም ጊዜያዊ ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ የዓለም አቀፍ ልማድ፣ ማለትም አገሮች እንደ ሕግ ቆጥረው የሚሠሩበት ልምድ፣ የሚለው እንዲህ ነው አለ።

ውሳኔው የተደገፈው በሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 15 ላይ ነው። አንቀጹን ያነበበ ሰው ግን ይገረማል። ንዑስ አንቀጽ 1 ማንም ሰው ሲፈጽመው «በአገር ሕግ ወይም በዓለም አቀፍ ሕግ» ወንጀል ባልነበረ ድርጊት አይቀጣም ይላል። «ወይም» የምትለው ቃል እዚያው አለች። ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ በድርጊቱ ጊዜ በመንግሥታት ማኅበረሰብ በታወቁ አጠቃላይ የሕግ መርሆች ወንጀል የነበረን ድርጊት መዳኘትና መቅጣት ከመርሁ ጋር አይጋጭም ይላል። ይህ ንዑስ አንቀጽ የገባው የናዚ መሪዎች ከተዳኙበት ከኑረምበርግ ችሎት በኋላ የተነሳውን ክርክር ለመዝጋት ነው። የትኛው ፍርድ ቤት ይዳኝ የሚል አንድም ቃል የለውም። የአገር ውስጥ ፍርድ ቤትን አያገልም። እስራኤል የናዚ ሹም የነበረውን አይሽማንን በ1961 የዳኘችው በራሷ መደበኛ ፍርድ ቤት ነው፣ እሱም አገሪቱ ከመመሥረቷ በፊት ለተፈጸመ ወንጀል፣ በ1950 በወጣ ሕግ። ፈረንሳይም ሌላውን የናዚ ሹም ክላውስ ባርቢን በራሷ ፍርድ ቤት ዳኝታለች። ታዲያ «ልማዱ ልዩ ፍርድ ቤት ነው» የሚለው ከየት መጣ? የተባበሩት መንግሥታት ለዩጎዝላቪያና ለሩዋንዳ ካቋቋማቸው ጊዜያዊ ፍርድ ቤቶች ይመስለኛል፤ ግን እነሱ አንድ መንገድ ናቸው፣ ብቸኛው መንገድ አይደሉም።

አንድ ነገር ለኢኮዋስ ፍርድ ቤት ልስጠው። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 7(2) እንደ ቃል ኪዳኑ አንቀጽ 15(2) ያለ ማብራሪያ የለውም። «በተፈጸመበት ጊዜ በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ያልነበረ ድርጊት አያስቀጣም» ብሎ ያቆማል። ዳኞቹ በዚህ ጥብቅ ንባብ ተጽዕኖ ሥር ከሆኑ አልወቅሳቸውም። ግን በዚያ ንባብ ከሄድን ልዩ ፍርድ ቤትም አያድነንም። ወንጀሉ ወይ ነበረ ወይ አልነበረም። ካልነበረ ማንም ፍርድ ቤት፣ የፈለገውን ስም ቢይዝ፣ ሊቀጣበት አይችልም። ከነበረ ደግሞ የዳካር ፍርድ ቤትም ይበቃል። ውሳኔው መሃል ላይ ቆመ፣ እናም መሃሉ መሬት የለውም።

ለመሆኑ ሃብሬ በ1984 ምን ሊያውቅ ይችል ነበር? መግደልና መደብደብ በቻድ ሕግ ወንጀል ነበሩ። ቻድ የጄኔቫ ስምምነቶችን ከ1970 ጀምሮ ተቀብላለች፤ እስረኛን መግደልና ማሰቃየት በዚያ ክልክል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1975 ማሰቃየትን የሚያወግዝ መግለጫ አውጥቷል። የአፍሪካ ቻርተርን ቻድ ያጸደቀችው በ1986፣ በራሱ በሃብሬ ዘመን ነው። «ሰው በገንዳ ውስጥ ከድኖ መግደል ወንጀል መሆኑን አላወቅሁም» ብሎ የሚከራከር ሰው የለም፤ ሃብሬም አልተከራከረም። ክርክሩ ሁሉ «እናንተ ልትጠይቁኝ አትችሉም» የሚል ነበር።

ሄግ፣ ከዚያም ልዩ ችሎቶቹ

ቤልጂየም በፌብሩዋሪ 2009 ሴኔጋልን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ጁላይ 20 ቀን 2012 ፍርዱ ወጣ። ሴኔጋል ሃብሬን አሳልፋ ካልሰጠች ሳትዘገይ ለክስ ማቅረብ አለባት። የኢኮዋስ ውሳኔም፣ የገንዘብ እጥረትም ከዚህ ግዴታ ነፃ አያደርጋትም። ማሰቃየት መከልከሉ የማይገሰስ የዓለም አቀፍ ሕግ ደንብ ነው ተባለ።

በዚያው ፍርድ ውስጥ ግን ወደኋላ ያለመመለስ መርህ በትክክለኛ ቦታው ተቀምጧል። የመዳኘት ግዴታው የሚይዘው ስምምነቱ ለሴኔጋል ከጸናበት ከጁን 26 ቀን 1987 በኋላ የተፈጸመውን ብቻ ነው አለ ፍርድ ቤቱ። ከዚያ በፊት ያለውንም ሴኔጋል መዳኘት ትችላለች፣ በስምምነቱ አትገደድም እንጂ። መገደድና መቻል ተለዩ። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ከኢኮዋስም ብናገኝ ጥሩ ነበር።

በዚያው ዓመት ዋድ በምርጫ ተሸንፈው ማኪ ሳል መጡ፤ ነገሩ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ሄደ። በኦገስት 2012 ሴኔጋልና የአፍሪካ ኅብረት ስምምነት ፈረሙ፣ «ልዩ የአፍሪካ ችሎቶች» ተመሠረቱ። የኢኮዋስ ውሳኔ የጠየቀው ዓለም አቀፍ ባሕርይ ተገኘ ማለት ነው። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ችሎቶቹ የተቋቋሙት በሴኔጋል የፍርድ ቤት መዋቅር ውስጥ፣ ዳካር ላይ ነው። አብዛኞቹ ዳኞች ሴኔጋላውያን ናቸው፣ የችሎት ሰብሳቢዎቹ ብቻ ከሌሎች የኅብረቱ አባል አገሮች መጡ። የሚያዩዋቸው ወንጀሎች የ2007ቱ ሕግ ካላቸው ጋር በጣም ይቀራረባሉ፤ ዘር ማጥፋት፣ በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ የጦር ወንጀል፣ ማሰቃየት፣ ከጁን 7 ቀን 1982 እስከ ዲሴምበር 1 ቀን 1990 ቻድ ውስጥ የተፈጸሙ። የችሎቶቹ ደንብ የተጻፈውም ከድርጊቱ ከ21 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ወደኋላ መመለስ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ይህኛው ከ2007ቱ ሕግ የባሰ ነበር። ሕጋዊ ያደረገው ወንጀሎቹ በዓለም አቀፍ ልማዳዊ ሕግ ቀድሞውኑ መኖራቸው ነው፣ ያ ደግሞ በ2007ም ያው እውነት ነበር። ሃብሬ በ2013 እንደገና ኢኮዋስ ፍርድ ቤት ሄዶ ችሎቶቹ እንዲታገዱ ቢጠይቅም፣ ፍርድ ቤቱ በኅብረቱ ስምምነት የተቋቋሙ ስለሆኑ ሥልጣን የለኝም አለ።

የባከነው ጊዜ ዋጋ አለው። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ፍርዱን ሳያዩ ሞተዋል።

ችሎቱ በጁላይ 2015 ተከፈተ። ሃብሬ አልናገርም፣ ፍርድ ቤቱን አላውቀውም አለ፤ በጠባቂዎች እየተገደደ ይቀርብ ነበር። ከዘጠና በላይ ምስክሮች ቀረቡ። ሜይ 30 ቀን 2016 የቡርኪና ፋሶው ዳኛ ግቤርዳኦ ጉስታቭ ካም የዕድሜ ልክ እስራት አነበቡ፣ በሰብዓዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል፣ በጦር ወንጀልና በማሰቃየት።

በቅጣቱ በኩል መርሁ ችግር አልገጠመውም። ሁለተኛው የመርሁ ክፍል «በጊዜው ከነበረው የከበደ ቅጣት አይጣልም» ይላል። በሰማኒያዎቹ ለታቀደ ግድያ በቻድም በሴኔጋልም ሞት ይፈረድ ነበር፤ ዕድሜ ልክ ከዚያ ይቀላል።

እኔን እውነት የሚያስቸግረኝ ሌላ ነጥብ ነው፣ ብዙ ሰውም ሲያነሳው አላየሁም። በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ከኑረምበርግ ጀምሮ የታወቀ ነው። የጦር ወንጀልም በሁለት አገሮች መካከል በሚደረግ ጦርነት የታወቀ ነው፤ ሊቢያ ስላለችበት ይህ ክፍል አያከራክርም። በእርስ በእርስ ጦርነት ውስጥ የሚፈጸም ጥሰት ግን ግለሰብን በዓለም አቀፍ ሕግ ወንጀለኛ ያደርጋል ብሎ በግልጽ የወሰነው የዩጎዝላቪያ ፍርድ ቤት በታዲች ጉዳይ፣ በ1995 ነው። ያ ውሳኔ ስለ ዘጠናዎቹ ነበር የሚያወራው። እሱን ይዞ ወደ 1982 መመለስ ቀላል እርምጃ አይደለም። በድርጊቱ ክልክልነት ላይ ጥርጥር የለኝም፣ በግለሰብ የወንጀል ተጠያቂነቱ ላይ ግን ከሌሎቹ ክሶች ይልቅ እዚህ መሬቱ ይሳሳል። ይህን ማለት ለሃብሬ መቆም አይደለም። መርሁን የምናከብረው ለምንጠላው ሰው ሲሆን ነው መርህ የሚሆነው፣ ደግሞም ሌሎቹ ጥፋቶቹ ብቻቸውን ለዕድሜ ልክ ይበቁ ነበር።

ኤፕሪል 27 ቀን 2017 የይግባኝ ችሎቱ ፍርዱን አጸና። ከአንድ ነገር በስተቀር፦ አንዲት ሴት ሃብሬ ራሱ እንደደፈራት የሰጠችው ምስክርነት በክሱ ውስጥ አስቀድሞ ስላልተካተተ በዚያ ነጥብ ነፃ አሉት። ሴትየዋን አላመንናትም አላሉም። ለእሷ መራር መሆኑ አያጠያይቅም። ግን ሰው የተከሰሰበትን አስቀድሞ ይወቅ የሚለው ደንብና ሕግ ወደኋላ አይመለስም የሚለው መርህ የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው፣ ችሎቱም በዚህ ቦታ ጠንክሮ ቆመ። ለተጎጂዎች ከ82 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ በላይ ካሳ ተፈረደ። ሃብሬ በኦገስት 2021 ዳካር ውስጥ በኮቪድ ሲሞት ከተፈረደው ካሳ አንድም ፍራንክ አልደረሳቸውም ነበር።

ወደ እኛ ሲመጣ

የደርግ ባለሥልጣናት ሲከሰሱ እንዲህ ያለ ጣጣ ብዙ አልነበረም፤ ምክንያቱም ሕጉ ቀድሞ ነበር። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ስምምነትን በ1941 ዓ.ም. ስታጸድቅ ከዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ደግሞ ከስምምነቱ አልፎ የፖለቲካ ቡድንን ጭምር ይጠብቃል። ቀይ ሽብር ሲፈጸም አንቀጹ በሥራ ላይ ነበር። ተከሳሾቹ «የፖለቲካ ቡድን በዓለም አቀፉ ስምምነት የለም» ብለው ተከራከሩ፤ ግን የአገር ሕግ ከስምምነቱ ሰፍቶ ቢጻፍ፣ ቀድሞ እስከተጻፈ ድረስ፣ ወደኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ። ኔዘርላንድ ውስጥ በ2017 ዕድሜ ልክ የተፈረደበት የደርግ ሹምም የተዳኘው በጦር ወንጀል ነው፣ የኔዘርላንድ ሕግ በሰባዎቹ ያንን ወንጀል ያውቀው ስለነበር።

አሁን በአገራችን የሽግግር ፍትሕ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ግን ይከብዳል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ዘር ማጥፋትን በአንቀጽ 269፣ የጦር ወንጀልን ከአንቀጽ 270 ጀምሮ ይዟል። በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ግን ራሱን ችሎ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ስሙን ጠርቶ በይርጋም በምሕረትም አይታለፍም ይላል፣ ትርጉሙንና ቅጣቱን ግን አልጻፈም። አንቀጽ 22 ደግሞ እንደ አፍሪካ ቻርተር ጥብቅ ነው፤ የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 15(2) ዓይነት ማብራሪያ የለውም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ፍርድ ቤት እንዲኖር ያስባል። እዚያ በመጀመሪያው ቀን የሚነሳው መቃወሚያ የሃብሬ ጠበቆች ያነሱት እንደሚሆን አልጠራጠርም።

መልሱን ከአሁኑ ማዘጋጀት ይቻላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው፣ ቃል ኪዳኑን በ1985 ዓ.ም. ተቀብለናል፣ አንቀጽ 13(2) ደግሞ መብቶቹ ከዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር በሚስማማ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። ስለዚህ የሚረቀቀው ሕግ አዲስ ወንጀል እንደማይፈጥር፣ በድርጊቱ ጊዜ በዓለም አቀፍ ሕግ ወንጀል የነበረውን ብቻ እንደሚዳኝ በግልጽ ይጻፍበት። ቅጣቱም በድርጊቱ ቀን ለግድያ ወይም ለአስገድዶ መድፈር ከነበረው አይብለጥ። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ በእያንዳንዱ ክስ ላይ ግድያውን፣ ድብደባውን፣ መድፈሩን በመደበኛው የወንጀል ሕግ በአማራጭ ያቅርብ፤ ትልቁ ክስ በመቃወሚያ ቢወድቅ እንኳ ትንሹ ክስ ላይ መርሁ ምንም የሚለው የለም፣ ምክንያቱም ሰው መግደል በዚህ አገር ወንጀል ያልነበረበት ቀን የለም።